ከቀለም በፊት ትንፋሽ፦ አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክልን በትንሽ ገንዘብ ስለ ማደስ

ክቡራትና ክቡራን፣ ወደ ንግግሬ ከመግባቴ በፊት በፊታችሁ አንድ ነገር ላድርግ። በጠረጴዛው ላይ የምታዩት ባለ 125 ሲሲ ሞተር ትናንት ማታ ገጥሜ የጨረስኩት ነው። የካርቡራተሩን መግቢያና የጭሱን መውጫ ከአሮጌ ካላማዳሪ በቆረጥኩት ጎማና በብረት ቁራጭ ደፍኛቸዋለሁ። እሳት በምትሰጠው በካንዴላዋ ቦታ ውስጧ የተቦረቦረ አሮጌ ካንዴላ አለች፤ በእርሷ በኩል የገባው ቱቦ የሚመጣው ከዚህ የደም ግፊት መለኪያ ነው። ሐኪም ክንዳችሁ ላይ አስሮ እንደሚያደርገው የጎማውን ፊኛ እጨምቃለሁ። 100፣ 200፣ 300። እዚህ ላይ ይብቃ። ከፊት የተቀመጣችሁ፣ እኔ ስናገር መርፌዋን አልፎ አልፎ እንድታዩልኝ አደራ እላለሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ከሞላ ጎደል ስለ እርሷ ነውና።

አሮጌ ሞተር ሳይክል የወረሱ ወይም ከአንድ ጥግ በአቧራ ተሸፍኖ ያገኙ ሰዎች ምክር ሲጠይቁኝ ጥያቄያቸው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ነው። የቤንዚን መያዣውን፣ ሰርባቶዮውን፣ ምን ቀለም ልቀባው? የተላጠውን ክሮም እንዴት ልመልሰው? ወንበሩን ምን ላልብሰው? አልፈርድባቸውም። ዓይን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው፤ ልብም ዓይንን ይከተላል። እኔም የመጀመሪያዬን ሞተር ሳይክል ሳድስ በእጄ የነበረችውን ጥቂት ገንዘብ ያዋልኳት በቀለም፣ በክሮምና በወንበር ልብስ ላይ ነበር። ሞተሩ በሁለተኛው ርግጫ ይነሣ ስለነበር ጤነኛ ነው ብዬ አለፍኩት። እንዲያውም ሲሞቅ ነዳጅ ሳልጨምርለት ፍጥነቱ በራሱ ከፍ ይል ነበር። ያንን እንደ ብርታት ቆጠርኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ረጅም ዳገት ላይ፣ ድምፁ ተለወጠ። መጀመሪያ ቀጭን ጩኸት መጣ፤ ከዚያ የኋላ ጎማው ቀጥ ብሎ ተቆለፈ። ፍሪሲዮኑን በጊዜ መያዜ ከመውደቅ አዳነኝ። የሲሊንደሩን ክዳን፣ ቴስታታውን፣ አንሥቼ ስመለከት የፒስተኑ አሉሚኒየም በጭስ መውጫው በኩል ቀልጦ ሲሊንደሩ ላይ ተለጥፏል፤ ፒስተኑን የሚከብቡት ቀለበቶች፣ ፋሻዎቹም፣ በመቀመጫቸው ውስጥ ተቀብረው ቀርተዋል። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ኤሌክትሪክ በሚያመነጨው ማግኔት በኩል የነበረች አንዲት የደረቀች ኦይል ሲል፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ ዙሪያ የምትደፍን የጎማ ቀለበት ናት። ዋጋዋ ለቀለሙ ሥራ ከገዛሁት የብርጭቆ ወረቀት ያንስ ነበር። ከዚያ ዳገት ይዤው የተመለስኩት ሐሳብ ይህ ነው፦ ገንዘብ ያጠረው ሰው ገንዘቡን ማውጣት ያለበት ዓይን በማያየው ቦታ ላይ ነው። ዓይን የሚያየውን በጊዜውና በጉልበቱ ይሥራው።

ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት ይህ ሞተር እንዴት እንደሚተነፍስ ማወቅ ያስፈልጋል። ባለ አራት ምት ሞተር አየር የሚያስገባውና የሚያስወጣው በቫልቮላ ነው። ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ ያለበት ክፍል ዘይት ይዞ ይቀመጣል እንጂ በመተንፈሱ ሥራ ውስጥ አይገባም። መካኒኮች ቱ ስትሮክ የሚሉት ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን የተለየ ፍጥረት ነው። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ዓመቶቹን ሁሉ በዚሁ እቆጥራለሁ) በ1891 የባለቤትነት መብት በጠየቀበት ንድፍ ከፒስተኑ በታች ያለውን ዝግ ክፍል ራሱን ፓምፕ አደረገው። በቀጣዩ ዓመት አብሮት ይሠራ የነበረው ፍሬድሪክ ኮክ የቀረችውንም ቫልቮላ አስወግዶ፣ ፒስተኑ ራሱ ሲወጣና ሲወርድ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን መስኮቶች እንዲከፍትና እንዲዘጋ አደረገ። ፒስተኑ ሲወጣ የታችኛው ክፍል ከካርቡራተሩ አየርና ቤንዚን ይስባል። ሲወርድ ደግሞ የሳበውን ጨምቆ በማሻገሪያዎቹ መስኮቶች ወደ ላይ ይገፋዋል። እንግዲህ ክራንክ ኬዝ የምንለው ያ ክፍል የሞተሩ ሳንባ ነው።

ክራንክ ሻፍቱ ከዚህ ሳንባ በግራና በቀኝ በሚወጣበት ቦታ በእያንዳንዱ በኩል አንድ ኦይል ሲል አለ። በፍሪሲዮኑ በኩል ያለው ሲያረጅ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ይጠጣል፤ ጭሱ ወፍራምና ነጭ ይሆናል፤ ዘይቱም ወደ ውጭ ሳይፈስ ይጎድላል። ይህኛው ቢያንስ ይታያል። የሚያስፈራኝ በማግኔቱ በኩል ያለው ነው። በእርሱ በኩል የሚገባው አየር ብቻ ነው፤ ያውም ካርቡራተሩ ያልለካው አየር። ድብልቁ ይሳሳል፤ ቃጠሎው ይግላል። የዚህ ሞተር ማለስለሻ ዘይት የሚመጣው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቤንዚኑ ሲያንስ ቅባቱም አብሮ ያንሳል። ሙቀቱ በጨመረበት ሰዓት ቅባቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ሲሞቅ በራሱ የሚፈጥን ሞተር ብርታት አላገኘም፤ ትኩሳት ይዞታል።

ገና ያልገዛችሁ ካላችሁ ትልቁ የገንዘብ ውሳኔ የሚወሰነው አንድ ቡሎን ከመፍታታችሁ በፊት ነው። ብዙ የተሠራውን ዓይነት ምረጡ። በዚህ ረገድ የጀርመኑ ዲ.ካ.ቬ. በ1939 ያወጣውን አር.ቴ. 125 ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። ከጦርነቱ በኋላ ንድፉ የካሳው አካል ሆኖ በአሸናፊዎቹ እጅ ገባ። በእንግሊዝ ቢ.ኤስ.ኤ. ባንታም ሆነ፤ በአሜሪካ ሃርሊ ዴቪድሰን ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክሉን ከእርሱ ሠራ፤ በሶቪየት ኅብረት ሞስክቫ ተባለ፤ የያማሃ የመጀመሪያ ሞተር ሳይክል የሆነው የ1955ቱ ዋይ.ኤ.1ም የዚሁ ቤተ ዘመድ ነው። እንግሊዞች የማርሽ መቀየሪያውን በለመዱት በቀኝ በኩል ለማድረግ ሲሉ ሞተሩን በመስታወት እንደሚታይ ምስል ገልብጠው ነው የሠሩት። እንዲህ ያለ ብዙ አገር የዞረ ንድፍ እስከ ዛሬ ዕቃ የሚሠራለት፣ የሚያውቀውም ሰው የማይጠፋ ነው። ሁለተኛው ነገር የተሟላ መሆኑ ነው። ያልተሟላ ሞተር ሳይክል በነፃ ቢሰጣችሁም ውድ ነው። የጎደለ ካርቡራተር፣ የጠፋ የማግኔት ሽፋን፣ የሌላ ሞተር ጭስ ማውጫ እያንዳንዳቸው ወራት ያስፈልጓችኋል። የዛገና የተሟላ፣ ካማረና ከጎደለ ይሻላል።

በእጃችሁ ከገባ በኋላ ለማስነሣት አትቸኩሉ። ለዓመታት የቆመ ሞተር ውስጥ ዝገት፣ አቧራና የደረቀ ዘይት አለ፤ ለአንድ ደቂቃ ደስታ ብላችሁ ብትረግጡት ሲሊንደሩን ትፍቁታላችሁ። ፒስተኑ ተጣብቆ ከሆነ በካንዴላው ቀዳዳ ዘልቆ የሚገባ ዘይት ወይም ናፍጣ አፍስሳችሁ ለቀናት ተዉት፤ በየቀኑ ጥቂት እየጨመራችሁ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለውን ከባድ መሽከርከሪያ፣ ቮላኖውን፣ በእጅ ብቻ ወዲያና ወዲህ ሞክሩት። መዶሻ የፒስተኑን ራስ ይበሳል፣ ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ቢዬላ ያጣምማል። ትዕግሥት ምንም አያስወጣም።

ስትፈቱ ደግሞ እያንዳንዱን ደረጃ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ቡሎኖቹን በየቦታቸው ስም በተጻፈባቸው ከረጢቶች አስቀምጡ። በጃፓን ሞተሮች ላይ ያሉት የመስቀል ጭንቅላት ቪቶች ከተለመደው ካቻቢቴ ጋር የሚመሳሰሉ እንጂ ልክ የሚገጥሙ አይደሉም፤ የጃፓን ደረጃ የሆነውን ካቻቢቴ ካልተጠቀማችሁ ጭንቅላታቸው ይበላል። አንዱን ቪት ቦርቡሮ ማውጣት ከካቻቢቴው ዋጋ በላይ ያደክማል። በመዶሻ ሲመታ የሚዞረው የእጅ መፍቻ እኔ ከገዛኋቸው መሣሪያዎች ሁሉ ራሱን ቶሎ የከፈለው ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ኦይል ሲሎቹን ምንም ቢመስሉ ቀይሩ፤ ያረጀ ጎማ ሲታይ ጤነኛ ይመስላል፣ በጣት ሲጫኑት ግን ጥንካሬው እንደ ፕላስቲክ ሆኗል። እግረ መንገዳችሁን የክራንክ ሻፍቱን ኩሽኔታዎች ቀይሩ፤ ሞተሩ አንዴ ከተከፈተ ለእነርሱ ብሎ እንደገና መክፈት ኪሳራ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ ያዳነልኝን ነገር ልንገራችሁ። ኩሽኔታና ኦይል ሲል የሞተር ሳይክል ዕቃዎች ብቻ አይደሉም፤ በመጠናቸው የሚሸጡ ዓለም አቀፍ ዕቃዎች ናቸው። ጎናቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። 6204 የሚል ኩሽኔታ በየትኛውም ማሽን ውስጥ ቢሆን የውስጥ ስፋቱ 20፣ የውጭው 47፣ ውፍረቱ 14 ሚሊ ሜትር ነው። ኦይል ሲልም ላይ እንዲሁ ሦስት ቁጥሮች አሉ። በሞተር ሳይክሉ ስም ታሽጎ ከሚሸጠው ይልቅ በቁጥሩ የሚገዛው ብዙ ጊዜ በጣም ይረክሳል፤ አንዳንዴም ሁለቱን የሠራው ያው አንድ ፋብሪካ ነው። ሁለት ጥንቃቄ ግን አለ። ለክራንክ ሻፍት ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው በሙቀት ለመለጠጥ ትንሽ ክፍተት ያለው ሲ3 የሚል ምልክት የያዘ ኩሽኔታ ነው። ኦይል ሲሉ ደግሞ ቤንዚንን የሚችል ጎማ መሆን አለበት።

ቢዬላውን በፒስተኑ በኩል ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡት። በዚህ አቅጣጫ በእጅ የሚሰማ እንቅስቃሴ ካለ የታችኛው ኩሽኔታ አልቋል። ወደ ጎን ጥቂት ቢወዛወዝ ግን የተለመደ ነው። የአብዛኞቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ክራንክ ሻፍት በከፍተኛ ኃይል ተጭኖ የተገጣጠመ ስለሆነ መፍታቱና መልሶ ማቅናቱ የቤት ሥራ አይደለም። ስሕተቱ የሚለካው በመቶኛ ሚሊ ሜትር ነው። ለዚህ ሥራ ባለሙያ ፈልጋችሁ ክፈሉ፤ ስትከፍሉም አይቆጫችሁ። ሲሊንደሩንም እንዲሁ አስለኩ። ካለቀ አንድ ደረጃ አስፍቶ በዚያው ልክ ትልቅ ፒስተን ማስገባት ይቻላል፤ ፒስተኖቹ ብዙ ጊዜ በ0.25 ሚሊ ሜትር ልዩነት እያደጉ ይሠራሉ። ቅደም ተከተሉን ግን አደራ፦ መጀመሪያ ፒስተኑን ግዙ፣ ከዚያ ሲሊንደሩ በፒስተኑ ልክ ይስፋ። በሁለቱ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት ብዙም ስለማይበልጥ በግምት የሚሆን ነገር አይደለም። ከሰፋ በኋላ የመስኮቶቹ ጠርዝ ስል ሆኖ ይቀራል፤ በስሱ ሞርዶ ካላለዘቡት ፋሻውን ይቆርጠዋል።

ስትገጥሙ በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው ይመልከት። የፋሻዎቹ ጫፎች በመቀመጫቸው ውስጥ ባሉት ትንንሽ ችካሎች ላይ በትክክል ማረፋቸውን በጥፍራችሁ እየዳሰሳችሁ አረጋግጡ፤ እነዚያ ችካሎች የተተከሉት የፋሻው ጫፍ ዞሮ በመስኮት እንዳይጠለፍ ነው። የፒስተኑን ፒን የሚይዙትን ቀለበቶች ሁልጊዜ አዲስ አድርጉ። አንዷ ብትወጣ ያን ሁሉ የከፈላችሁበትን ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች ትሰነጥርላችኋለች። እነርሱን ስታስገቡ የክራንክ ኬዙን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈኑት። ጣት ያመለጣት ቀለበት ሁልጊዜ የምትሄደው ወደዚያ ነው፤ ከዚያ አፍሶ መልቀም ይሆናል።

መርፌዋስ? 270 አላችሁ? ስድስት ደቂቃ ያህል ሆኖናል። እንግዲህ ይህን ልብ በሉ።

በመለኪያው ላይ 300 ማለት 0.4 ባር ያህል ግፊት ነው። ከዚህ ብዙ አትለፉ፤ በተለይ ጎማ በሚነፋ ኮምፕረሰር በፍጹም አትሞክሩት፤ ኦይል ሲሉን ከቦታው ፈንቅሎ ያወጣዋል። ፒስተኑን ወደ ታች አውርዳችሁ ማሻገሪያ መስኮቶቹ ሲከፈቱ በካንዴላው ቀዳዳ የገባው አየር ወደ ክራንክ ኬዙም ይደርሳል፤ ስለዚህ ኦይል ሲሎቹ፣ የሲሊንደሩ ሥር፣ ቴስታታው፣ የካርቡራተሩ ማሰሪያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይፈተናሉ። እኔ የምከተለው ልማድ እንዲህ ነው፦ በስድስት ደቂቃ ውስጥ መርፌዋ ከ20 በላይ ከወረደች ያንን ሞተር አላስነሣም። ይህኛው 30 ወርዷል። አዲስ ኦይል ሲሎች አስገብቼበታለሁ፣ ኩሽኔታዎቹም አዲስ ናቸው፤ ያም ሆኖ አንድ ቦታ ይተነፍሳል። ይህን ባላደርግ ኖሮ ነገ አስነሥቼው ነበር። ከየት እንደሆነ በመጨረሻ አብረን እናገኘዋለን።

እስከዚያው ገንዘብ ወደማይፈልገው ሥራ እንሂድ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ የምወደው ይህንን ክፍል ነው። ሰርባቶዮው ውስጡ ከዛገ ቤንዚኑን ጨርሳችሁ አውጡና በነጭ ኮምጣጤ ሙሉት። አንድ እፍኝ ዳዶ ወይም አጭር ካቴና ጨምራችሁ አልፎ አልፎ አንቀጥቅጡት። ከአንድ ቀን እስከ ጥቂት ቀናት ውስጥ ዝገቱ ለቅቆ ግራጫ ብረት ይታያል። ከዚያ ኮምጣጤውን ደፍታችሁ፣ አሲዱን ለማብረድ ቤኪንግ ሶዳ በሟሟበት ውኃ አጥባችሁ፣ በሞቃት አየር ወዲያው አድርቁት። ወዲያው የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ እርቃኑን የቀረ እርጥብ ብረት ዓይናችሁ እያየ በደቂቃዎች ውስጥ ቡናማ ይለብሳል። ከደረቀ በኋላ ጥቂት የሁለት ምት ዘይት አፍስሳችሁ አንከባሉት። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፦ ባዶ ሰርባቶዮ ከሞላው ይልቅ አደገኛ ነው። ውስጡ የቀረው የቤንዚን ትነት ይፈነዳልና በቅርቡ ቤንዚን የያዘን ሰርባቶዮ ማንም እሳት እንዳያስጠጋው፣ ለመበየድም እንዳይሞክር።

ካርቡራተሩ ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጽዳት ብቻ ነው። የቆመ ቤንዚን ሲተን ቫርኒሽ የመሰለ ነገር ትቶ ጠባቦቹን ቀዳዳዎች ይደፍናል። በብረት ሽቦ አትጎርጉሯቸው። የቀዳዳው ስፋት ራሱ መለኪያ ነው፤ በጥቂቱ እንኳ ቢሰፋ የለካው ሰው ልፋት ጠፋ። ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የምትወጣ አንዲት የመዳብ ክር፣ ማጽጃ ፈሳሽና የታመቀ አየር ይበቃሉ። ወደ ብርሃን ይዛችሁ በየቀዳዳው አጮልቁ፤ ጥርት ያለ ክብ ብርሃን እስኪታያችሁ ድረስ አልጸዳም።

ጭስ ማውጫው ትልቅ ነገር ነው፤ ማርሚታውን እንደ ድምፅ ማፈኛ ብቻ የሚያዩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። በዚህ ሞተር ላይ የጭስ ማውጫው ቅርጽ የመተንፈሱ ሥራ ግማሽ ነው። ቫልተር ካደን የተባለው የምሥራቅ ጀርመኑ ኤም.ዜድ. መሐንዲስ በ1950ዎቹ ይህንን ከማንም በላይ ተረዳ። ከሲሊንደሩ የወጣው የግፊት ሞገድ በሚሰፋና በሚጠብ ቱቦ ውስጥ ተንጸባርቆ ሲመለስ፣ ሊያመልጥ የነበረውን ያልተቃጠለ ድብልቅ መልሶ ወደ ሲሊንደሩ እንዲገፋው አደረገ። የእርሱ ጋላቢ የነበረው ኤርንስት ዴግነር ይህን ዕውቀት ይዞ በ1961 ወደ ምዕራብ ኮብልሎ ሱዙኪን ተቀላቀለ፤ በ1962ም በባለ 50 ሲሲ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። የአንድ ቱቦ ቅርጽ ያን ያህል ዋጋ ነበረው። በእናንተ አሮጌ ሞተር ሳይክል ላይ ያለው ቱቦ የእሽቅድምድም ባይሆንም የተለካ ነው። ለዓመታት የነደደ ዘይት ውስጡን በካርቦን ሲያጠብበው ሞተሩ ይታፈናል፤ ሰው ግን ሞተሩ አርጅቷል ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ካርቦኑን በኮስቲክ ሶዳ ማሟሟት ይቻላል፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጋችሁ፣ ከቤት ውጭ፣ ሶዳውን ወደ ውኃው እየጨመራችሁ፤ ውኃውን ወደ ሶዳው ፈጽሞ አትጨምሩ። ይህ ለብረት ብቻ ነው። ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላዋል፣ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂንም ያወጣል። የሲሊንደሩን መውጫና የፒስተኑን ራስ በእንጨት ቁራጭ ፋቁ።

ካንዴላው ስለሚሰጠው እሳት አጭር ልሁን። ኤሌክትሪኩን እየቆረጡ እሳቱን የሚያስነሡትን የማቋረጫ ነጥቦች በስስ ሞርድ አጽድታችሁ ክፍተታቸውን በመመሪያው ልክ አድርጉ፤ በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ሞተሮች ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። የሚከፈቱበትን ቅጽበት ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የሲጋራ መጠቅለያ ወረቀት በመካከላቸው አስገብታችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ፤ ወረቀቱ የተለቀቀበት ቦታ የእሳቱ ቦታ ነው። ኮንደንሰሩን አዲስ ግዙ፤ ካረጀ በኋላ ሲቀዘቅዝ ይሠራል፣ ሲሞቅ ይከዳል። እሳት የሚያሳጣው ግን ብዙ ጊዜ ዕቃ ሳይሆን ቀለም የተቀባበት ወይም የዛገ የመሬት መስመር ማሰሪያ ነው። ፍቃችሁ አጥብቁት።

በፍሬንና በጎማ ላይ ከእኔ ጋር አትከራከሩ። ጎማው ላይ በሞላላ ክብ ውስጥ ያሉትን አራት አኃዞች አንብቡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2314 ማለት በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አኃዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ጥርሱ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ጣሉት። የአሮጌ ፍሬን ሸራ ብናኝ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ በአየር አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ አንሥታችሁ አሽጋችሁ አስወግዱት።

ዘይቱን ለመደባለቅ አስሉ። 32 ለ 1 ማለት በአምስት ሊትር ቤንዚን ውስጥ 156 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ 25 ለ 1 ከሆነ 200 ይሆናል። ለእናንተ ሞተር የሚሆነውን ልክ ከአምራቹ መመሪያ ያዙ። "ለማንኛውም ጨመር ላድርግለት" የሚለው ደግነት ሁለት ፊት አለው። ዘይቱ ሲበዛ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ቤንዚን ያንሳል፤ ድብልቁም በዚያው መጠን ይሳሳል። ያማሃ በ1964 ኦቶሉብ ብሎ እንዳወጣው ዓይነት ራሱን የቻለ የዘይት ፓምፕ ያለው ሞተር ከሆነ፣ ፓምፑ መሥራቱን በዓይናችሁ እስክታረጋግጡ ድረስ በሰርባቶዮውም ውስጥ ዘይት ጨምሩ። በቱቦው ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ሞተሩን ያለ ቅባት ያስቀረዋል።

የመጀመሪያው ቀን ሲደርስ ጥቂት ደቂቃ አስነሡት፣ አጥፉት፣ እጃችሁን እስኪያስችል ሳይሆን ፈጽሞ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ የቴስታታውን ዳዶዎች በመስቀለኛ ተራ እንደገና አጥብቁ። በመጀመሪያዎቹ መቶዎች ኪሎ ሜትሮች ነዳጁን እስከ መጨረሻ አትክፈቱለት፤ በአንድ ፍጥነትም አታቆዩት። ካንዴላውን እየፈታችሁ አንብቡ፤ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፣ ነጭ ከሆነ ወዲያው አቁሙ። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጁን ዘግታችሁ ሞተሩን እንደ ፍሬን አትጠቀሙበት። ክራንክ ሻፍቱ በፍጥነት እየዞረ ቤንዚን ከሌለ ዘይትም የለም። ሳብና ትራባንት የተባሉት ባለ ሁለት ምት ሞተር የነበራቸው መኪኖች ሞተሩ ከጎማው ተላቅቆ በነፃ እንዲዞር የሚያደርግ ሥርዓት የተበጀላቸው ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ነበር። እናንተ ፍሪሲዮኑን ያዙ፣ ወይም በየመሐሉ ነዳጁን ለአፍታ ክፈቱለት።

ቀለሙስ? ሞተሩ አንድ ወቅት ሙሉ ሳያስቸግር ከሠራ በኋላ፣ ገንዘብ ከተረፈ፣ ቀቡት። እኔ በመጨረሻ ያደስኳቸው ሁለቱ አሁንም በፋብሪካ ቀለማቸው፣ ከነጭረታቸው ይሄዳሉ፤ ጭረቶቹን ወድጃቸዋለሁ።

እንግዲህ ወደ መርፌዋ እንመለስ። 215 ደርሳለች። እንደገና ወደ 300 አደርሳታለሁ። በዚህ ብርጭቆ ውስጥ ያለው የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ ነው፤ በብሩሽ እቀባዋለሁ። መጀመሪያ በማግኔቱ በኩል። ምንም የለም። በፍሪሲዮኑ በኩል ሽፋኑን ስላልገጠምኩት ኦይል ሲሉ ይታያችኋል፤ እዚያም ምንም የለም። በካርቡራተሩ መግቢያ ዙሪያ የለም። ቴስታታው ደኅና ነው። አሁን የሲሊንደሩ ሥር... እዚህ ጋ፣ ከኋላ በግራ በኩል፣ አያችሁት? ጥቃቅን አረፋዎች፣ እንደ ምራቅ ይመስላሉ። በሲሊንደሩና በክራንክ ኬዙ መካከል የሚገባውን ይህን ጓርኒሲዮን ከወረቀት የቆረጥኩት በራሴ እጅ ነው፤ በቡሎኑ ቀዳዳና በማሻገሪያው መስኮት መካከል ያለውን ቦታ ከሚገባው በላይ አጥብቤዋለሁ። ነገ ጠዋት አራቱን ዳዶዎች ፈትቼ፣ ሲሊንደሩን አንሥቼ፣ ሌላ እቆርጣለሁ። ከዚያ እንደገና 300፣ እንደገና ስድስት ደቂቃ።